ሥልጠናው አልቆ ሰሌዳው ባዶ ሲቀር፦ የካይዘን አሠራር በወርክሾፖቻችን ለምን አይዘልቅም?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቀው የሚሠሩ ጣውላዎች) የሚቆርጠው፣ ማጠፊያና እጀታ የሚገጥመው፣ ቫርኒሽ የሚቀባው፣ በአጠቃላይ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ለውጡን በግዢ ደረሰኙ ላይ አየው። የአብዛኛው ባለቤት የመጀመሪያ እርምጃ የመሸጫ ዋጋ መጨመር ነበር፤ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ዋጋ መጨመር ግን ደንበኛው የሚችልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሊገኝ የሚችለው ገንዘብ ያለው እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ተሳስቶ በተቆረጠ ጣውላ፣ ሁለት ጊዜ በተሠራ በር፣ ዕቃ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ በዋለ ሠራተኛ፣ ደንበኛ ቤት ደርሶ በተመለሰ መኪና መልክ ተበትኗል። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ የተበላሸ ጣውላ ያናድድ ነበር። ዛሬ ግን ያው አንድ ጣውላ የቁም ሳጥኑን ትርፍ ይዞት ይሄዳል።

ይህን ብክነት የመቀነሻው መንገድ፣ ካይዘን የሚባለው በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ አገራችን ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዮኮሃማ ላይ ከተካሄደው አራተኛው ቲካድ (ጃፓን የምታዘጋጀው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ) በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ቱኒዚያ ውስጥ ያካሄደውን የካይዘን ፕሮጀክት ተመልክተው ለኢትዮጵያም ተመሳሳይ ድጋፍ እንዲደረግ ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 ባለው ጊዜ አዲስ አበባና አካባቢዋ ባሉ 30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ከስኳር ፋብሪካ እስከ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ደርሷል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉትን አምስቱን «ማ»ዎች ያልሰማ ፎርማን ማግኘት አሁን ከባድ ነው።

ሥልጠናው አልፎ ዓመት ከሆነው በኋላ ብዙ ግቢ ውስጥ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አምስቱ «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ናቸው። ወለሉ ላይ የተቀባው ቢጫ መስመር ጣውላ ተደርድሮበት አይታይም። የመሣሪያ ሰሌዳው ላይ የትራፓኖውና የካቻቢቴው ቅርጽ ተስሏል፤ ዕቃዎቹ ግን በሠራተኞች መሳቢያ ተቆልፎባቸዋል። የምርት ሰሌዳው ላይ መጨረሻ የተጻፈው ቀን ወራት አልፎታል። ባለቤቱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ሠራተኛው ሥነ ሥርዓት የለውም፤ ቆመህ ካላየኸው ወደ ድሮው ይመለሳል።»

ይህ መልስ ስህተት ነው። ስህተት መሆኑ በደንብ የታየበት ታዋቂ አጋጣሚ ደግሞ አለ። ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ የነበረውን የመኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። ፋብሪካው ከሥራ በሚቀር ሠራተኛ ብዛት፣ በሥራ ማቆምና በጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋ ነበር። በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና «ኑሚ» ብለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከፈቱት፤ አስተዳደሩን የያዘው ቶዮታ ነበር። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ከሥራ የተሰናበቱት የድሮዎቹ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው የድሮው። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከፋብሪካው የሚወጣው መኪና ጥራት ጃፓን ከሚሠራው ጋር ተቀራረበ፤ ከሥራ መቅረትም እጅግ ቀነሰ። ሰዎቹ ሳይቀየሩ ውጤታቸው ተቀየረ።

ምን ተለወጠ ቢባል፣ ጎልቶ የሚጠቀሰው በማምረቻው መስመር ላይ የተሰቀለው ገመድ ነው። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ ችግሩ በጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ጄኔራል ሞተርስ ያንን ገመድ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ላይ ለመስቀል ጊዜ አልፈጀበትም፤ ውጤቱን ለማግኘት ግን ብዙ ዓመት ወሰደበት። ምክንያቱም ኑሚ ውስጥ ገመዱ ሲሳብ የቡድን መሪው ወዲያው እየተራመደ ይመጣል፣ «ምን አገኘህ?» ይላል፣ አብሮ ያስተካክላል። ገመዱ ተስቦ ማንም ካልመጣ፣ ወይም የሚመጣው ሊቆጣ ከሆነ፣ ሁለተኛ የሚስበው የለም። እኛ ወርክሾፖች ውስጥ የጎደለውም ይኸው ነው። ሰሌዳው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ መፈክሩ አለ፤ ሠራተኛው ችግር ሲያሳይ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ኃላፊ የለም። ሥርዓት የሚጀምረው ከኃላፊው የቀን ውሎ ነው፤ የሠራተኛው ሥነ ሥርዓት ተከትሎ ይመጣል።

ነገሩን ለማየት 15 ሠራተኛ ያለው፣ ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔት የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አካሄዱ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ላለ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ቀብድ የሚፈጥረው መጨናነቅ

የዚህ ዓይነት ቤት ትልቁ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከማሽንም ከሠራተኛም አይነሳም፤ ከቀብድ ነው የሚነሳው። ደንበኛ ግማሹን ከፍሎ ያዛል። ቀብዱ የሚውለው ግን ለእሱ ዕቃ አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የታዘዘውን ሥራ ለመጨረስ፣ ለደመወዝ፣ ለኪራይ ይውላል። የእሱ ሥራ ደግሞ ከእሱ በኋላ በሚመጣው ሰው ቀብድ ይሠራል። ስለዚህ ባለቤቱ አዲስ ትእዛዝ መመለስ አይችልም። ደንበኛው እንዳይሸሽም «በሳምንት ይደርሳል» ይላል፤ ሥራው መጀመሩ እንዲታይለት ደግሞ ጣውላውን ያስቆርጣል።

ሒሳቡን እንየው። ወለሉ ላይ የተጀመሩና ያላለቁ 24 ትእዛዞች አሉ። ቤቱ በቀን 2 ይጨርሳል። 24 ለ2 ሲካፈል 12 ነው፤ ዛሬ የተጀመረ ሥራ የሚወጣው ከ12 የሥራ ቀን፣ ማለትም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ዝምድና አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አረጋግጦታል፤ ለባንክ ወረፋም፣ ለፋብሪካም፣ ለእንጨት ቤትም እኩል ይሠራል። በቀን 2 እየተጨረሰ 3 ከተጀመረ፣ በ12 ቀን ውስጥ የተጀመሩና ያላለቁት 36 ይሆናሉ፤ መቆያውም 18 ቀን። «በሳምንት» የተባለው ደንበኛ በስምንተኛው ቀን ይደውላል። ፎርማኑ የያዘውን ያስጥልና የእሱን ያስጀምራል። በማግስቱ ሌላው ይደውላል። እያንዳንዱ ማስጣልና ማስጀመር ማሽን እንደገና ማስተካከል፣ የተቆረጠውን ጣውላ ከክምር ውስጥ መፈለግ፣ ልኬቱን እንደገና መጠየቅ ነው። በዚህ መሀል በቀን 2 የነበረው አንድ ተኩል ይሆናል፤ ሁሉም ሰው ግን ከቀድሞው የበለጠ ደክሞ ይገባል።

መፍትሔው ወለሉ ላይ ያለውን ሥራ መወሰን ነው፦ በአንድ ጊዜ ከ12 በላይ አይከፈትም። ትእዛዝ መቀበል ይቻላል፤ ነገር ግን ከ12ቱ አንዱ ወጥቶ ቦታ እስኪለቀቅ ጣውላው አይቆረጥም። ከ24 ወደ 12 ለመውረድ ሥራ ማቆም አያስፈልግም። በቀን 2 እየተጨረሰ 1 ብቻ ከተጀመረ በ12 የሥራ ቀን ይደረሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ገደቡ ብቻውን የደንበኛውን ጠቅላላ መቆያ በመጀመሪያው ወር አያሳጥርም፤ ወለሉ ላይ የነበረው ወረፋ ወደ መዝገብ ይሄዳል እንጂ። ጥቅሙ የሚገኘው በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ መፈለግና ማስጣል ሲቀንስ በቀን የሚጨረሰው ይጨምራል። 2 የነበረው 2.5 ቢሆን 12 ትእዛዝ በአምስት ቀን ገደማ ይወጣል፤ የመዝገቡም ወረፋ ከዚያ ወዲያ መቅለል ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ጣውላ የሚገዛው ሊጨረስ ሲል ብቻ ስለሚሆን ገንዘቡ ግማሹን በተሠራ ዕቃ መልክ ወለል ላይ ተኝቶ አይከርምም፤ ቀሪው ክፍያ ቶሎ ይገባል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሽግግሩ ያማል፤ አይካድም። ያለፉት ቀብዶች ወጪ ሆነዋል። የሚሠራው ዘዴ ከአንድ ቀን ጀምሮ የሚመጣን ቀብድ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስገባትና ለዚያው ትእዛዝ ዕቃ መግዣ ብቻ ማዋል ነው። የቆዩትን ትእዛዞች ለመጨረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሚገቡት ቀሪ ክፍያዎች ይወጣል፤ ስለዚህ ወደ ማለቁ የቀረበው ይቅደም፣ የጮኸው ደንበኛ አይቅደም። ይህን መወሰን የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። የትኛውም አማካሪ ወይም ፎርማን አይተካውም።

የሥራ ካርዱ የሚናገረው

ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ለሁለት ሳምንት መመዝገብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ የሚታሰር አንድ ጠንካራ ወረቀት ይበቃል። ካርዱ ላይ ቆረጣ፣ ጠርዝ ማልበስ፣ ቀዳዳ፣ ገጠማ፣ ማጠናቀቂያና ማድረስ ተራ በተራ ይጻፋሉ፤ በየአንዳንዳቸው ፊት የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይሞላል። ሥራው ከቆመ ደግሞ ምክንያቱ በአንድ ፊደል ይገባል፦ ለዕቃ «ዕ»፣ ለመብራት «መ»፣ ለልኬት «ል»፣ ለማሽን «ማ»፣ ለውሳኔ «ው»። ከአምስት በላይ ምክንያት አይደርደር፤ ሠራተኛው ሲመርጥ ጊዜ ከፈጀበት መጻፉን ይተወዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርዶቹ ሲደመሩ የሚወጣው ሥዕል ባለቤቱን ያስደነግጣል። በአንድ ቁም ሳጥን ላይ የሚፈሰው የእጅ ሥራ 9 ሰዓት ነው እንበል። ወለሉ ላይ የቆየው ግን 12 ቀን፣ ማለትም 96 የሥራ ሰዓት ነው። ከአሥር እጅ አንዱን እጅ እንኳ በማይሞላው ጊዜ ብቻ ነው የተነካው፤ በቀረው ሲጠብቅ ነበር። ከዚህ በኋላ «ሠራተኛው በፍጥነት ይሥራ» ማለት ትርጉም እንደሌለው ማንም ያያል። የ9ኙን ሰዓት ሥራ በ8 ሰዓት ማስጨረስ ከ96ቱ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀንሳል። መጠበቁን መቀነስ ግን ቀናትን ይቀንሳል።

«ው» የሚለው ፊደል የሚበዛባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የበሩ ቀለም አልተወሰነም፤ ማጠፊያው ከየትኛው ሱቅ ይገዛ አልተባለም፤ ደንበኛው የላከው ልኬት ከተለካው ጋር አይገጥምም፤ ባለቤቱ ደግሞ ባንክ ነው፣ ጉምሩክ ነው፣ ጨረታ ላይ ነው፣ ስልኩን አያነሳም። መድኃኒቱ ፎርማኑ በራሱ ሊወስን የሚችለውን በጽሑፍ መስጠት ነው፦ እስከዚህ ብር ድረስ ያለ ማንም ፈቃድ መግዛት፣ ልኬት ለማረጋገጥ ደንበኛውን መደወል፣ ጥራቱ ያልደረሰ ሥራ እንዳይወጣ ማገድ። በቃል የተሰጠ ሥልጣን አንድ ጊዜ ከተቆጡበት ያበቃለታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በካርዱ ምክንያት ማንም አይወቀስ። ካርዱ መቅጫ መሆኑ ከታወቀ የሚሞላው አለቃው የሚወደው ሰዓት ነው።

ሁለት ሴንቲ ሜትር

አሁን ወደ ጣውላው እንቅረብ። የተለመደው የኤምዲኤፍ ጣውላ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጋዙ ምላጭ በእያንዳንዱ ቆረጣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበላል። የቁም ሳጥኑ መደርደሪያ 60 በ80 ከሆነ፣ በጎን ሁለት፣ በቁመት ሦስት፣ በጠቅላላው 6 ይወጣል፤ ለምላጩም ለጠርዝ ማስተካከያም ቦታ ይተርፋል። አሁን ደንበኛው ወይም ልኬት የወሰደው ልጅ «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብሎ 62 በ80 አደረገው እንበል። ሁለት ጊዜ 62 ማለት 124 ነው፤ 122 ውስጥ አይገባም። ቢዞርም አይሆንም፦ 80ውን በጎን ብናስቀምጠው አጠገቡ የሚተርፈው 42 ብቻ ነው። ከአንድ ጣውላ 3 ብቻ ይወጣል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ምክንያት የመደርደሪያው የጣውላ ወጪ በእጥፍ ጨመረ፤ ዋጋው ለደንበኛው ሲነገር ግን ይህ አልታሰበም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥርዓት መጋዙ ጋ አይደለም፤ ዋጋ ሲሰጥ ነው። ልኬት የሚወስደው ሰው ኪስ ውስጥ ከጣውላው ጋር የሚስማሙ ጥልቀቶችና ስፋቶች የተጻፉበት አንዲት ካርድ ትኑር። ከዚያ የወጣ ልኬት ከመጣ ዋጋው ሌላ ይሁን። ሁለተኛው ሥርዓት የቆረጣ ሥዕል ነው። ከመቆረጡ በፊት የጣውላው አቀማመጥ በወረቀት ይሳል፤ ሥዕሉ ላይ የቆራጩና የፎርማኑ ፊርማ ይኑርበት። የተረፈ ቁራጭ ጣውላ ለየብቻው በመጠኑ ይደርደር፣ የገባበት ቀን ይጻፍበት። 60 ቀን ያልተፈለገ ቁራጭ ይሸጥ። ቦታ መያዙ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሰው ሲፈልገው የሚያጠፋው ሰዓት ከቁራጩ ዋጋ ይበልጣል።

ሦስተኛው ከመጋዙ የወጣችውን የመጀመሪያዋን ቁራጭ ማየት ነው። 60 በ80 የሆነ ቁራጭ ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 100 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ሰያፎች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ መጋዙ ይቁምና ይስተካከል። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተደረገ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው በሩ ሲገጠምና አልዘጋ ሲል ነው።

የማጠፊያ ቀዳዳም እንዲሁ ነው። የካቢኔ ማጠፊያ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ጥልቀቱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር በር ላይ በዓይን ግምት የሚበሳ ሰው አንድ ቀን ማለፉ አይቀርም፤ በፊት ለፊት በኩል እብጠት ወይም ቀዳዳ ይወጣና በሩ ይጣላል። ከኮምፔርሳቶ የተሠራ አንድ ቅርጽ ማውጫና ትራፓኖው ላይ የሚታሰር የጥልቀት ማቆሚያ ይህን ስህተት ከሥሩ ያጠፉታል። አዲስ የገባውን ልጅ «ተጠንቅቀህ ብሳ» ከማለት ይልቅ ተሳስቶ መብሳት የማይችልበትን መሣሪያ መስጠት ይሻላል። ሥርዓት ስንል ይህንን ነው።

ስቶሩ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በቀን 40 ማጠፊያ የሚያወጣ ቤት፣ ከታዘዘ በ5 ቀን የሚመጣለት ከሆነና ለመጠባበቂያ 3 ቀን ከጨመረ፣ 320 ላይ ሲደርስ ማዘዝ አለበት። 320ው በአንድ ከረጢት ታስሮ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ ከረጢቱ በተፈታ ቀን ላዩ ላይ ያለው ካርድ ለገዢው ይሂድ። ውድና ብዙ ቦታ ለሚይዝ ዕቃ ይህ አይሆንም፤ ጣውላ እንደ ትእዛዙ ይገዛ።

መብራትን በተመለከተ፣ ሲጠፋ የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር አስቀድሞ ይለጠፍ፦ በእጅ ማለስለስ፣ እጀታ መግጠም፣ ማሸግ፣ የቆረጣ ሥዕል ማዘጋጀት። ዝርዝሩ ከሌለ መብራት በጠፋ ቁጥር ግማሹ ሰው ሻይ ቤት ነው።

የጠዋቱ አሥር ደቂቃ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጽፎ ሊለጠፍ ይችላል፤ በሦስተኛው ወር ይሞታልም። የሚያቆየው የኃላፊው የየዕለት ልማድ ነው። ልማዱ ሦስት ነገር አለው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰሌዳው ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ። መቀመጥ የለም። ሰሌዳው ላይ ትናንት ሊጨረስ የታሰበውና የተጨረሰው፣ የተበላሸው፣ የቆመበት ምክንያት፣ ዛሬ የሚወጣው ይታያል። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ስምና አንድ ቀን ይጻፋል። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያወያይ ጉዳይ ከስብሰባው በኋላ በሚመለከታቸው ሰዎች ይፈታ። ስብሰባው የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ባለቤቱ ንግግር ሲያደርግበት፣ ወይም ስም የሌለው ችግር «እናስተካክለዋለን» ተብሎ ሲታለፍ።

ሁለተኛው ጉብኝቱ ነው። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለ20 ደቂቃ ወለሉን ይዞራል፤ ሦስት ጥያቄ ይዞ። የዛሬው ሥራህ ምንድን ነው? ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ? ምን አስቸገረህ? በመንገዱ የወደቀ ዕቃ አንስቶ ሠራተኛ መቆጣት ከጀመረ ጉብኝቱ ፍተሻ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሲመጣ አይቶ ወለል ይጠርጋል፣ የሚያሳየው ችግር ግን የለም።

ሦስተኛው የመድረሻ ሰዓት ነው። ሠራተኛ ችግር ካሳየ የቡድን መሪው በ10 ደቂቃ ይድረስ። እሱ ካልፈታው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማኑ። ፎርማኑ ካልፈታው እስከ ማታ ባለቤቱ መልስ ይስጥ፤ መልሱ «አሁን አይቻልም፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ቢሆንም። ይህ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ሠራተኛው አለቃውን የሚጠይቅበት መብት ይሁን። የኑሚ ገመድ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው አንድ ሠራተኛ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ በመጣ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከደመወዙ ከተቆረጠበት ቀጣዩ ስህተት ይደበቃል። የተሳሳተው ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል፣ ይቀባል፣ ገርጂ ወይም አያት ያለ ደንበኛ ቤት ይደርሳል፤ በሳምንቱ ማጠፊያው ይነቀላል። ያኔ ወጪው መኪና፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ግማሽ ቀንና የደንበኛው እምነት ነው። በሕግም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቅነሳን ለአሠሪው ፈቃድ ብቻ አልተወውም፤ በአንድ ጊዜ ሊቀነስ የሚችለውንም ከወር ደመወዝ ከሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከሕጉም በላይ ግን የሒሳቡ ጉዳይ ነው፦ ቶሎ የተነገረ ስህተት አንድ በር ያስከፍላል፣ የተደበቀው ሙሉውን ካቢኔት።

በቁጥር መክፈልም ከዚህ ጋር ይጋጫል። ቆራጩ በቆረጠው ብዛት የሚከፈለው ከሆነ ገጣሚው ይፈልገው አይፈልገው ይቆርጣል፤ የ12ቱ ገደብ ጠላቱ ይሆናል። ክፍያው ተመርምሮ ባለቀና ደንበኛው በተረከበው ትእዛዝ፣ ለቡድኑ በአንድነት ቢሆን ይሻላል።

ባለቤቱ ራሱ ሥርዓቱን የሚያፈርስበት መንገድም አለ፤ የዘመድ ሥራ። «የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው፣ ይህቺን ብቻ አስቀድሙልኝ።» ፎርማኑ እምቢ አይልም፤ ግን በማግስቱ ለሌላውም «ባለቤቱ ራሱ አስቀድሞ የለ?» ይላል። መከልከሉ አይሠራም፤ ዝምድናችን አይፈቅድም። የሚሠራው ከ12ቱ ቦታ አንዱን ለአስቸኳይ ትቶ መያዝ ነው። ባለቤቱ ለፈለገው ይስጠው። ከተያዘ ግን እስኪለቀቅ ሌላ አስቸኳይ የለም፤ ሰሌዳው ላይ ስለሚታይ የመጣው ዘመድም ያየዋል።

አማካሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በአምስቱ «ማ»ዎች ነው። ምክንያት አላቸው፤ ርካሽ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይታያል፣ ሠራተኛውን ያነሣሣል። በቀብድ በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ግን የጸዳው ወለል በወሩ ተመልሶ ይሞላል፤ ምክንያቱም የሚሞላው በስንፍና ሳይሆን በ24 ክፍት ትእዛዝ ነው። የተሻለው ቅደም ተከተል ሁለት ሳምንት ካርድ፣ ከዚያ የትእዛዝ ገደቡና የጠዋቱ ስብሰባ፣ ከዚያ የልኬትና የቀዳዳ ሥርዓቱ፣ ከዚያ ማጣራቱና ማስቀመጡ ካርዱ ብዙ መጠበቅ ያሳየበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ አካሄድ ስድስት ወር መመደብ ይገባል።

አስቸጋሪው ወቅት የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርጉ ሲደራረብ ነው። ትእዛዝ ይጎርፋል፣ ሁሉም አስቸኳይ ነው፣ መጀመሪያ የሚቀረው ስብሰባው ነው፤ «ለአሥር ደቂቃ 15 ሰው ማቆም ኪሳራ ነው» ይባላል። በዚያ ወቅት ሁሉንም መያዝ ካልተቻለ ሁለት ነገር አይለቀቅ፦ የ12ቱ ገደብና የጠዋቱ ስብሰባ፤ ስብሰባው አምስት ደቂቃ ቢሆንም። ካርዱ ለጥቂት ሳምንት በአንዳንድ ትእዛዝ ላይ ብቻ ቢሞላ ይቻላል። ሰርጉ ጋብ ሲል ከወቅቱ በፊትና በወቅቱ የተሞሉት ካርዶች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ የትኛው ፊደል እንደበዛ ይቆጠር፤ የሚቀጥለው ማስተካከያ ከዚያ ፊደል ይጀምር።